ዘንግና ማር

ኖቪ ቦር የደረስኩት በኅዳር ማለቂያ፣
ከብርጭቆው ፋብሪካ፣ ከመስታወት መፍለቂያ፤
የሁለት ዓመት ሥልጠና፣ አንድ ካፖርት በውሰት፣
ልቤ ግን ከምድጃው፣ ከዚያ ከሚንቀለቀል እሳት።

«መቼ ነው የምነፋው?» ብዬ ብጠይቀው፣
ሽማግሌው ኦታካር፣ ጥድፊያ የማያውቀው፣
ከጓዳ ማሰሮ ማር አምጥቶ አስቀመጠው።
የመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ አንድ ክንድ ያህል፣
ጫፉን ማር አስነክሮ፣ «አዙር» አለኝ በቃል።
«አዙር፤ እንዳይንጠባጠብ፤ ሌላ ሥራ የለህም፤
አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ዛሬ እሳት አታይም።»

አዞርኩ።
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣
ማሩ ግን መች አወቀኝ፤
ሲሻው እንደ ምራቅ ጫማዬ ላይ ወርዶ፣
ሲሻው እስከ ክርኔ በእጅጌዬ ነጉዶ።

ድፍን ታኅሣሥ አዞርኩ።
ከጎኔ አልጋ የሚተኛው ኩባዊው ኤሊሴዮ
«ባሕር አቋርጠህ መጣህ፣ ንብ ልትሆን፣ ወዮ!»
እያለ ይስቅብኛል።
ለአባቴስ ደብዳቤ ምን ብዬ እጽፋለሁ?
«መንግሥት በላከኝ አገር ማር አሽከረክራለሁ»?
ዋሸሁት፤ «በርታ ብለውኛል፣ እሳት እነፋለሁ።»

አንድ ማታ ግን፣ ወጨፎው መስኮቱን ሲመታ፣
«ተማር» የሚሉት ቃል አፌ ውስጥ ተፈታ፤
ለካ ሆዱ ውስጥ ማር ይዟል!
ስንት ዘመን ሰማሁት፣ ከፊደል ጀምሬ፣
ሰሙን ሳላምጥ ኖሬ
ወለላው ሳይነካኝ፣ እስከዚች ቀን፣ እስከ ዛሬ።
ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን በየትኛው ቼክኛ?
«ማር» አልኩት፣ በአማርኛ።
«ሜድ» አለኝ። «አዙር አንተ፣ ምላሰኛ።»

መጋቢት ላይ በረዶው ከጣሪያው ሲናድ፣
ኦታካር ጠራኝ፤ ምድጃው አፉን ከፍቶ ሲነድ፣
የብረት ሸምበቆ በእጄ አስጨበጠኝ፤
ጫፉ ላይ ቀይ እንቡጥ፣ ሙቀቱ ፊቴን ላጠኝ፣
ሊወርድ ነው፣ ሊዘረገፍ ነው ከወለሉ፣
እኔ ፈራሁ። ጣቶቼ ግን ማዞር ቀጠሉ፤
ማንም ሳያዛቸው፣ እኔንም ሳይጠብቁ፣
ይህን ልል ክብደት ከድሮ እንደሚያውቁ።
«ይሄማ ማር ነው» አለ እጄ ለትከሻዬ፤
እኔ ቆሜ አየሁት፣ ባዳ ሆኜ ለገላዬ።

ከዚያ ነፋሁ።
የወጣው ብርጭቆ ግን፣ እውነቱን ላውራ፣
ወገቡ ጎባጣ፣ አፉ ወደ ግራ፣
ቁጭ ሲል የሚያዘምም፣ የሰከረ እንስራ።

በማግሥቱ ሲበርድ ኦታካር ውኃ ቀዳ፣
ጠጣበት በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ደከመ እንግዳ፣
አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ውስጥ ሄደ፤
«ጎበዝ» ሊለኝ ነው ስል፣ ልቤ እየነደደ፣
ማሰሮ ይዞ ተመለሰ።

«ይሄኛው» አለ «የግራር ነው፤ ከፊተኛው ይቀጥናል።
ነገ ጠዋት፣ በግራ እጅህ።»