አምስተኛው ቅጂ

ከሄርማታ ወዲህ፣ ከልብስ ሰፊው ጓዳ፣
ማታ ማታ ነበር ሳቅ የሚሰናዳ።
ሸምሱ ባለመርፌው፣ ወንድራድ መድኃኒት ሻጭ፣
ገለታ ቀያሹ፣ መሬትና ሰው ቆራጭ፣
ኑረዲን መምህሩ፣ ሲስቅ ጎረቤት አስደንጋጭ።

አራት ሰው፣ አራት በርጩማ።
አንዱ ስንኝ ጥሎ ሌላው ቤት ሲደፋ፣
ዝናብ በቆርቆሮ፣ ሌሊቱ ሲገፋ፣
ማን የቱን እንዳለ፣ ባለቤቱ ጠፋ።

እኔ ሰዓዳ ነኝ፣ የማዘጋጃ ጸሐፊ፣
ቀን የከንቲባ ቃል በጣቶቼ አሳላፊ፣
ማታ የነሱን ጉድ በካርቦን አትራፊ።
አምስት ወረቀቶች፣ ካርቦን በመሃሉ፤
ፊተኞቹ አራቱ ለነሱ ይበቃሉ፤
የመጨረሻይቱ፣ ቀለሟ የፈዘዘ፣
ሻሼ ሥር ትገባለች፣ ልቤ እንዳዘዘ።

እውነቱን ልናገር፣ ጀግኖች አልነበሩም።
ሸምሱን ያስመረረው የጨረታ ቂም ነው፤
ወንድራድ ሱቁ ላይ ግብር ጨምረው ነው፤
ገለታ ሹመቱን ጠብቆ ቀርቶበት ነው፤
ኑረዲን ብቻ፣ እሱ... ሳቅ ስለሚወድ ነው።

ለአዌቱ ድልድይ ሦስት ጊዜ ተዋጣ፤
ደረሰኙ መጣ፣ ድልድዩ ግን ታጣ።
ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ወሬ የፈለሰፉት፣
«የጥንት ነው» እያሉ ትናንት የጻፉት፦
«ወንዙ ዳር ሲቆፈር ብራና ተገኝቷል፤
ጅብ ከንቲባ ሆኖ ያዘዘውን ይዟል።

«በዚያ አገር ድልድዩ ከደረሰኝ ነበር፤
ሰው ወረቀት ረግጦ ማዶ ሲሻገር፣
ጅቡ ማዶ ቆሞ ይበላ ነበር ግብር።
‹ጌታው፣ ወንዙ ሞላ› ቢል አንድ ደፋር ሰው፣
‹የመዋኛ መዋጮ ነገ እንጀምር› አለው።»

ሐሙስ በገበያ፣ ከማር ሻጮች ተርታ፣
ግንድ ላይ ተለጥፎ ተነቧል በሹክሹክታ፤
ማንበብ የማይችለው ሰምቶ እየሸመተ፣
ሰቃ ድረስ ነድቶት፣ ስንኙ በረከተ።

አንድ ምስጢር አለኝ።
ግጥሙ ሲያጥርባቸው፣ መስመር ሲጎድልበት፣
ጣቴ አላርፍ ብሎ ጨመርኩ አንዳንድ ቤት።
የመዋኛ መዋጮ፣ ያ አገር የሳቀበት፣
የማንም አይደለም። የታይፕ ስህተት ናት።
አራቱም አንብበው እርስ በርስ ተያዩ፤
«የኔ ናት ያቺ ስንኝ» ሲሉ ተለያዩ።
እኔ ሪቦን ቀየርኩ።

ከዚያማ፣ ምን ልበል። ሸምሱ ዓይኑ ደከመ፤
ወንድራድ ቦንጋ ሄዶ፣ ሱቅ ከፍቶ ከረመ፤
ኑረዲን ፈተና ሲያርም ጊዜው አዘገመ፤
ገለታ ተሾመ።

የድልድዩ ጉዳይ አሁን የሱ ሆነ፤
ለአራተኛ ጊዜ መዋጮ ተወጠነ።
ሐሙስ ማለዳ ላይ፣ ግንዱ ላይ ወረቀት፤
ማን እንዳወጣው እንጃ ከየት ቆፍሮት፣
ያው የጥንቱ ግጥም፣ ያው ጅብ፣ ያው ከተማ፤
ጅቡ ሜትር ይዟል፣ ያቺ ብቻ ናት አዲስ ዜማ።

ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ፊቱ ተኮሳትሮ፣
«ጻፊ» አለኝ፤ ጻፍኩኝ፣ እንደ ድሮው ድሮ፦
«ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ ግንድ ላይ የለጠፈ፣
ያነበበም ቢሆን፣ ለሰው ያሳለፈ፣
በሕግ ይጠየቃል...» ድምፁ ተደናቀፈ።
ቤት ደፍቷል ትእዛዙ፤ ሰማሁ፣ እሱም ሰማ፤
ሳቅ ጢሙ ሥር ብቅ ብሎ፣ ገባ ወደ ጨለማ።

ዝም አልን ጥቂት። ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«ያቺ የመዋኛዋ፣ የኔ ነበረች እኮ»
አለኝ፣ በመስኮቱ ግንዱን ተመልክቶ።
«እንዴታ» አልኩትና ደብዳቤውን ሰጠሁት።

አራቱን ፈረመ።
አምስተኛዋን አልጠየቀም።

ማታ ወደ ቤቴ አዌቱን ስሻገር፣
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ድንጋዮቹን ስቆጥር፣
ሻሼ ሥር ወረቀት፣ አፌ ላይ አንድ መስመር፤
ገና ቤት አልደፋም።