የግራው ጫማ

ወደቡ ዳር ነው ሱቄ፣ ከዓሣ መጋዘን አጠገብ፤
ሰውን በጫማው ሶል እንጂ፣ በፊቱ አይደለም የማነብ።
የሃኮን ቦቲ ጨው ልጦት፣ ስፌቱን ባሕር ይፈታል፤
የአስተማሪዋን ተረከዝ፣ የገዛ ቁጣዋ ያደቃል።
የቶራ ሬንዳል ግን ሌላ ነው፤ የፖስተኛዋ የቶራ፣
ቀኙ ዓመት ሲከርምላት፣ በወር ይነደላል ግራ፤
ከአፍንጫው፣ ከአውራ ጣት በላይ፣ መንገዱ እንደ ሞረድ ፍቆት፣
የስትሮምነስ ጥርብ ድንጋይ፣ ቆዳውን ቆርጥሞ በልቶት።

ለጠፍኩ። ሰፋሁ። ጎማ አለበስኩ። በሦስት ሳምንት ተመለሰ።
«እግር ጥሎኝ ነው» አለችኝ፤ ሳቋ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ።
እኔም ሳቅኩ።
ኋላ ነው የገባኝ፣ ከበር ወጥታ ስትሄድ ሳይ፣
ለካስ እግር እውነት ይጥላል፣ ጌታውን አውላላ መንገድ ላይ።

ሽርርር፣ ኮቴ፤ ሽርርር፣ ኮቴ፤
ጎንበስ እንዳልኩ፣ ቀና ሳልል፣ እሰማት ነበር ከቤቴ።
የዳቦ ጋጋሪው ውሻ እንኳን፣ ያን ፍትጊያ ሲሰማ፣
ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ፖስታ መጣ ብሎ ለከተማ።

በሽታው የነርቭ ነው አሉ፤ የሽቦው ልባስ ተልጦ፣
አንጎሏ «ተነሣ» ሲለው፣ ቃሉ መንገድ ላይ ሰምጦ።
እንግዲህ ነገሩን ተመልከት፤
የሰው ደብዳቤ ሳታጎድል፣ በዝናብ በነፋስ የምታደርስ፣
ከራሷ ለገዛ እግሯ፣ የጻፈችው ግን የማይደርስ።

በኅዳር፣ ባሕሩ ሲቆጣ፣ ከኪርክዎል ሆስፒታል መጣች፤
የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ ግራጫ ሣጥን አወጣች።
ሁለት ተለጣፊ ጨርቅ፣ ከጉልበቷ ሥር በውጭ በኩል፣
ሳንቲም የምታክል ማብሪያ፣ ከተረከዟ ሥር እንድትውል።
«ቦታ አብጅላት» አለችኝ፤ ገበሩን በስለት ፈለፈልኩ፣
ሽቦውን በስፌቱ ጉያ፣ እንደ ሚስጥር ሸሸግኩ።

ተረከዝ ሲነሣ፣ ኮረንቲ ይነሣል፤
ኮረንቲ ሲነሣ፣ ጡንቻ ይሰበሰባል፤
እግሯም ቀና ይላል፣ ስሙን እንደ ጠሩት ልጅ።
«ሶዳ ውኃ ነው እግሬ ውስጥ!» አለች፣ መደርደሪያውን ጨብጣ በእጅ።
አንድ እርምጃ። ሁለት። ሦስት። ከበሬ እስከ ዓሣው ሚዛን።
ፍትጊያውን ጠበቅኩት። የለም።
ውሻውም አላወቃትም፤ ጮኸባት እንደ ሌባ፤
አለፈችው ጸጥ ብላ፣ ደብዳቤ በበር ሥር እንደሚገባ።

ፈውስ ነው አልልህም።
ባትሪ ያልቃል፤ ላብ ሲመጣ ጨርቁ ይላቀቃል፤
ቆዳዋም ከጉልበቷ በታች፣ ቀይ ሆኖ ሲያሳክክ ያድራል።
ማታ ሣጥኑን ስትፈታ፣ እግሩ ይመለሳል ወደ ዱሮው፤
ከአልጋ እስከ መታጠቢያው ድረስ፣ ሽርርር ነው ኑሮው።
ባሏ ኤርለንድ ነው የነገረኝ፤ ማሰሪያ ሊገዛ ገብቶ፤
«ያን ድምፅ ማታ ስሰማ፣ ቤት መግባቷን አውቃለሁ» ብሎኝ፣
ማሰሪያውን ረስቶ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት፣ በሚያዝያ፣ የግራውን ጫማ ይዛ መጣች።
መብራት ሥር አገላበጥኩት።
አፍንጫው ደኅና ነው፤ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም።
የተበላው ተረከዙ ነው።
ተረከዝ! እንደ ማንም ሰው። እንደ ሃኮ። እንደ አስተማሪዋ። እንደ እኔ።
ስድስት ዓመት ስሰፋላት፣ ይህን ሳይ የመጀመሪያዬ፤
ምስማር በከንፈሬ እንደ ያዝኩ፣ ጎንበስ አልኩ እንዳታየኝ ዓይኔን።
«ምን ታየዋለህ?» አለች ቶራ፤ «ቶሎ በል እንጂ፤
የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ነው የቆምኩት።»