ለድንጋዩ የተፈቀደ ዕረፍት

ከሁመሩ ጥላ ሽማግሎች ዋሉ፤
«ሦስት ወር ይረፍ፤ እግር አይርገጠው፣ ጦር አይውጋው» አሉ።
ቀይ ቡትቶ ቀደው፣ በሸምበቆ አስረው፣
ውኃው ከሚሸሽበት፣ ከኮራሉ ጫፍ ተከሉ።

እጅ አውጡ ሲባል ባሌም እጁን አወጣ፤
ላሂጻራ፣ ያ ዝምተኛ፣
ለድንጋይ ሊመሰክር ከሰው መሀል ወጣ።
«ኦክቶፐሷ» አለ፣ «እንቁላሏን ታቅፋ፣
ገና ሳትጠነክር፣ ገና ሳታፋፋ፣
በየጨረቃው ብንወጋት፣ ዘሯ አይደል የሚጠፋ?»

ከሴቶቹ ረድፍ፣ ከኋላ ሰማሁት።
አንዱ ጀርባዬ ላይ፣ አንዷ ጡቴ ላይ፣
ሦስተኛው ቀሚሴን ጨብጦ አሸዋ ላይ፣
በጣቴ ቆጠርሁት፦
ዘጠኝ ዓመት፣ ስድስት ልጅ፣ አንድ ደግሞ የቀበርሁት።
ለእኔ ቀይ ጨርቅ ያሰረ
የለም።

ያች የባሕር እናት አንዴ ወልዳ ትሞታለች፤
እኔ ሰባቴ ሞቼ፣ ሰባቴ ተነሥቼ፣
ጦሬን ይዤ በማግሥቱ
ከውኃው ጋር ሸሽቼ፣ ከውኃው ጋር ገብቼ።

መድኃኒቱማ ነበር፤ ከተማ ነበር።
ነፋስ ለቀናው በታንኳ አንድ ቀን፣
ላልቀናው ሁለት፣ በእሾሁ ዱር፣ ውኃ በጀሪካን።
አንዴ ሄጃለሁ። የዐሥር ቀን አደኔን ሸጬ፣
ለታንኳው ከፍዬ፣ ለካርዱ ቆጥሬ፣
ከረጅሙ ሰልፍ፣ ከፀሐይ ተቀምጬ።
«አልቋል» አለች ቀና ሳትል፣ «ለወሩ ነይ እንግዲህ።»
ለወሩ ሄድሁ፤
ማህፀኔ ቀድሞኝ ነበር በመንገድ።

አሁን ግን ቫቪሮይ አለች፣
አፍንጫዋን እየጠረግሁ ያሳደግኋት የጎረቤት ልጅ፤
ሰባት ሳምንት ተምራ መጣች።
ዓሣ ይቀዘቅዝበት የነበረ ሰማያዊ ሣጥን
ጭኗ ላይ አስቀምጣ በታንኳ ትዞራለች፤
ሸራዋ የሩዝ ከረጢት፣ አራት ቦታ የተጣፈ።
ሣጥኑ ዛሬም ዓሣ ዓሣ ይላል።
በውስጡ ግን ክኒን አለ፣ መርፌ አለ፣
ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል አለ።
ዋጋው? የአንድ ኩባያ ሩዝ።
የሌላት፣ «ባሕሩ ሲከፈት ትከፍያለሽ» ትባልና
ዕዳዋ በከሰል ይጫራል፣ በቫቪሮይ በር ላይ።

ወሬውማ መች ቀረ!
«መርፌው ሴትን ያደርቃል፣ በጨው እንደታሸ ዓሣ።»
«ክኒኑ እንደ ዛጎል ሆድ ውስጥ ይከመራል።»
ቫቪሮይ አትቆጣም፤ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ
በጣቷ ማህፀን ትስላለች፤
ማዕበል መጥቶ ሲያጠፋው
ደግማ ትስላለች።
ራስ ሊያም ይችላል፣ ደም ሊዛባ ይችላል፤ ይህንንም አትደብቅ።
«ካልተስማማሽ ነይ፣ እንቀይራለን፤
ልጅ ካማረሽም ነይ፣ እናቆማለን፤
ያንቺ ነው ነገሩ።»
እንዲህ ያለ ቃል ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

ያን ማታ ላሂጻራ መረብ ሲጠግን
ከጎኑ ተቀመጥሁ።
«ለድንጋዩ እጅህን አውጥተሃል» አልሁት፣
«እኔ ከድንጋይ አንሳለሁ?»
እጁ ቆመ። ብዙ ቆየ።
ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሌላ ቋጠሮ ጀመረ፤
እሺም አላለ፣ እምቢም።
እኔስ ጠዋቱን ተወግቼ ነበር፤
የጠየቅሁት እንዲያስብ ነው፣ እንዲፈቅድ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ጨርቁ ተነቀለ።
ባዶ ሆዴን ይዤ (ረሃብ አይደለም፣ ቅለት ነው)
ከድንጋይ ድንጋይ ዘለልሁ፤
ከጎድጓዳው አንዷን ሳብሁ፣ እጆቿ ክንዴን ዞሩት፣
ከታናሿ ልጄ የምትከብድ!
ከሽያጩ ሩዝ ገዛሁ፣ የትልቁን ደብተር ገዛሁ፣
ከቫቪሮይ በር ላይ የከሰል ጭረቴን
በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁ።

ግን በታንኳ ስንመለስ፣ ከወሽመጡ ማዶ፣
ሴቶች ዳር ቆመው አየሁ፤
ሕፃን አንግበው፣ ግንባራቸውን በመዳፍ ጋርደው፣
የእኛን ሸራ የቫቪሮይ መስሏቸው
እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተዋል።

ሣጥኑ አንድ ነው።
ነፋሱም የሚነፍሰው ወደ እኛ ነበር።