ሁለተኛ ዲግሪ

የፊተኛው ዲግሪዬ ስለ ዓሣ ነበር፤
ስድስት ዓመት ሙሉ በፕሊመዝ ወደብ ዳር
ሳርዲን ስቆጥር ኖርኩ፣ ሳርዲን ስመዝን፣
ጣቴ እስኪደነዝዝ፣ እስኪዝግ ሚዛን።
ሠላሳ አንድ ሲሞላኝ ደብተር ገዛሁና
ከልጆች ጎን ቆምኩኝ፣ ተማሪ እንደገና።

ሰኞ የተግባር ክፍል፤ ሁላችን በቁምጣ፤
ጀርባ ባደባባይ፣ እፍረት በበር ወጣ።
ጄሳሚ ጀርባዬን በቅንድብ እርሳስ
አጥንት በዳሰሳ ነጥብ ስትነቅስ
«አራተኛው ይኼ!» «የለም፣ አምስተኛው!»
በሆዴ ተኝቼ የገዛ ወገቤን ክርክር በላው።

ማታ ደግሞ ስም ነው፤ የጡንቻ ስም ክምር፤
በማቀዝቀዣው በር፣ በመስታወቱ ዳር፤
ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ ጅማቱ፣
ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ አይለቀኝም ጥናቱ።
እናቴ ደውላ «ከማን ጋር ነሽ?» ስትል
«ከአራት የጭን ጡንቻ» አልኳት፤
ዝም አለች፤ አበደች ብላ መሰል።

በጥር ለልምምድ ሆስፒታል ተመደብኩ፤
ወይዘሮ ፓስኮን ከመስኮት ሥር ተዋወቅኩ፤
አርባ ዓመት አውቶቡስ ዳገት ቁልቁል ነድተው
የፍሪሲዮን ጉልበታቸውን ለብረት ሰጥተው፣
«መለዋወጫ ነው» ይላሉ፣ «ጊዜ ይፈልጋል»፤
ሲስቁ የብረት አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ገና ስነካቸው ጮኹ፤ በረዶ ነው እጄ።
«መጀመሪያ ሞተር ይሞቃል፣ ልጄ!»
ብለው ጣቶቼን በሻይ ኩባያቸው ዙሪያ አጠፏቸው፤
አሠልጣኜ ከበሩ ቆማ ሰዓት አየች፣ ተወቻቸው።
በስንት መቶ ገጽ ንባብ፣ በስንት ስላይድ መሃል
ይህን የጻፈ የለም።
(ወይም ያን ቀን ቀርቼ ይሆናል።)

ሰኞ ሰባ አንድ ድረስ ታጠፈ ጉልበታቸው፤
አርብ ሰባ ሦስት፤ በላብ ርሶ ፊታቸው።
«ስንት ጨመርኩ?» አሉ።
«ሁለት ዲግሪ።»
«አንቺስ?»
«እኔ ሁለተኛውን ለመያዝ ገና ዓመት ተኩል አለኝ።»
«እኔ ባራት ቀን ሁለት!» ብለው
አልጋውን እንደገና አናወጡት።
ከዚያ ዝም አሉ። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ
«ቤቴ» አሉ፣ «አሥራ አራት ደረጃ አለው።»

ለደረጃ ሰባ ሦስት አይበቃም፤
ያውቃሉ፤ አውቃለሁ።
መለኪያዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤
«እንግዲህ ሰኞ» አልኩ።

ማታ ባውቶቡሱ ከፊት ተጎልቼ
የሾፌሩን ጉልበት በዓይኔ ለክቼ
ዘጠና... መቶ አምስት... ዘጠና... ስል ቆይቼ
ፌርማታዬን አለፍኩ።