ከሥሩ ቀይ ነጥብ

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ከኤድመንተን ወጣ ብሎ፣
ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል የጎማ ምንጣፍ፣ የሰው ትራፊ አዝሎ።
እኔ ጓንቴን አጥልቄ ከዳሩ ቆሜ እለቅማለሁ፣
ጠርሙስ ለብቻ፣ ቆርቆሮ ለብቻ፣ ካርቶን ለብቻ እላለሁ።
ሰኞ ሰኞ ግን ሰርግ ይመጣል፤
ቅዳሜ የተደገሰው ሁሉ ከነኮተቱ ይወጣል፦
አንዴ የተጎረሰበት ሹካ፣ አንዴ የተጠጣበት ብርጭቆ፣
የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ በገዛ ሪባኑ ታንቆ፣
«እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ጨርቅ፣ በወጥ ርሶ፣
ሙሽሮቹ ገና ሳይነቁ፣ ድግሳቸው እኔ ዘንድ ደርሶ።

ለዚህ ነው «የኛስ እንዲህ አይሁን» ያልኩህ፤
ነቢይ ልሁን ብዬ አይደለም አቤኔዘር፣ ሰኞን ፈርቼ ነው የነገርኩህ።

አንተ ግን ጋልክ። በየጠረጴዛው የሚቆም ጽሑፍ አረቀቅህ፦
«ይህ ሰርግ ምድርን አያቆስልም» ይላል፣ በወርቅ ቀለም።
ውዴ፣ እንግዳ ጉሮሮ ላይ የሚቆም አጥንት እንጂ ጽሑፍስ አይደለም።
አክስቴ ሁለት ፈረቃ ሠርታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትመጣ፣
ልትበላ ነው እንጂ የተጠራችው፣ በአንቀጽ ልትቀጣ?
ቀደድነው።
(ካርቶኑን ለብቻ፣ ወርቁን ለብቻ።)

ጽሑፉ ቢቀር፣ ሐሜቱ ተነሣ፤ በስልክ በስልክ ዞረ፦
«ሊሞዚን የለም፣ ፊኛ የለም፣ ሚዜውም ሁለት ቀረ፤
ጥሪውም በቃል ነው አሉ፣ ካርድ እንኳን አላሳተሙ፤
ቆንቋኖች! ለቤት መግዣ ይሆናል የሚያጠራቅሙ።»
ብትናገሪ ተመጻዳቂ፣
ዝም ብትዪ ቆንቋና፤ አንዱን መርጠሽ ጠብቂ።

ሳህን ስንፈልግ እድሩ ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ጥሩነህ ጋራዥ ሄድን፣
ከበረዶ መጥረጊያው ጀርባ ሦስት መቶ የሸክላ ሳህን አወረድን።
ከእያንዳንዱ ሥር በጥፍር ቀለም የተነካች ቀይ ነጥብ፣
የእድሩ ምልክት ናት፤ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል ሲታጠብ።

እትዬ የሻረግ ሳህኑን ስታይ እጇን ከአፏ ላይ ጫነች፤
«የለቅሶ ሳህን? በሰርግ? ልጄ፣ አብደሻል!» እያለች።
«ባለፈው ጥር፣ በዚያ ብርድ፣ የደምሴን ሰልስት በልተንበታል፤
ሙሽራ ሊጎርስበት? እንኳን ቋሚ፣ ሟችም ይታዘባል።»
ጋሽ ጥሩነህ ሳቁ። «የሻረግ፣ ሳህን አልቅሶ አያውቅም፤
የቀረበለትን ይይዛል እንጂ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተዳረ ብሎ አይጠይቅም።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ግን ምድር ቤቷ ወርጄ፣
(ሽሮ አምጪ ብላኝ ነው) መብራቱን አብርቼ ቆምኩ ፈዝዤ፤
ጣሪያ የነካ የአይስክሬም ባልዲ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ክክ ሞልቶበት፣
ገመዱን ዳር እስከ ዳር፣ የታጠበ ፌስታል ተሰጥቶበት፣
የማር ጠርሙስ፣ የእርጎ ዕቃ፣ ሁሉም ከነክዳኑ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልተጣለም፣ እስከ ዛሬ ቀኑ።
ስም የላትም ለዚህ። ማንም አላጨበጨበላትም።
በወርቅ የተጻፈ ነገር ደጇ ላይ አልነበራትም።
«ያስፈልግ ይሆናል» ብቻ ትላለች፣ እያጠበች።

በማግስቱ «እትዬ፣ ባልዲዎችሽን አውሺኝ» አልኳት፤
«እንግዳው የተረፈውን ይዞ እንዲሄድ፤ ያላንቺ አይሆንም» ብዬ ለመንኳት።
ስለ ምድር አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ቆጠረችልኝ፦ ሰማንያ።
«ክዳን የሚያጠፋ ቢኖር ግን ወዮለት ለዚያ!»
ሳህኑንም ራሷ አጠበች፣ በሎሚ፣ እስኪነጋ ድረስ፤
«የጥር እንባ ይልቀቅና የሐምሌ ሳቅ ይድረስ።»

ሰርጉ ሰርግ ሆነ። ቁርጡም ተቆረጠ፤ (በዚያ እንኳ አልተከራከርኩም፣
ከአማቼ ጋር በሥጋ ተጣልቼ ትዳር አልጀመርኩም።)
አንዲት ልጅ ሳህኗን ገልብጣ «ዕጣ ወጣልኝ!» ብላ ጮኸች፤
ጠረጴዛው ሁሉ ገለበጠ።
ሁሉም ደርሶት ነበር።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ምንጣፉ ይሮጣል፤ ዓይኔ የኛን ይፈልጋል፤
የለም። ከኛ ድግስ ምንም የለም።
ልቤ ኮራ ኮራ ሲለው፣ ከካርቶኑ መሐል ብቅ አለ
አንድ ብርማ ፊኛ፣ ትንፋሹ ያላለቀ፣ ስማችንን እንዳዘለ።
ማን እንዳመጣው አውቃለሁ፤
ጅራቱ የታሰረው በታጠበ ፌስታል ቁራጭ ነው።

ሳቅሁ። ጓንቴን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት፣
ያስፈልግ ይሆናል ብዬ።