አየር ሲመዘን

ከአዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ጫፍ፣
ክብ ወረቀት ሰቀልኩ፣ አየር ስሙን እንዲጽፍ።
ሲወጣ የእንቁላል ቅርፊት ይመስል ነበር ንጣቱ፤
ትንሿ ሞተር ስትምግለት አለፈ ቀኑም ሌቱ።
ሳወርደው
አመድማ ነው፣ ጠርዙ ብቻ የነጣ፤
ትንፋሻችን ይኼ ነው ለካ፣ በቀለም ሲወጣ።

ብናኙ እንዲህ ነው፦
አንዷን የራስ ጠጉር ወስደህ ሠላሳ ቦታ ብትተለትላት፣
ስንጥሯን እንኳ ብዙው ብናኝ በውፍረት አያክላት።
የአፍንጫ ጠጉር፣ ያ ዘበኛ፣ አቧራ አገድኩ ብሎ ሲኩራራ፣
ይኼኛው በሥሩ ሾልኮ፣ ሰተት ብሎ ሳንባ ገብቶ፣
ከደም ጋር ነው የሚያወራ።

ከምን እንደተሠራ ባሕር ዳር ልኬ፣ ወር አለፈው መልሱ ሲመጣ።
ጥላሸት፦ ብዙ።
የእንጨት ጭስ፣ ፖታሽየሙ የመሰከረበት።
ቀይ አፈር፣ አስፋልት ካልደረሰው የመንገድ ቁራጭ የወጣ።
የጎማ ፍቅፋቂ።
ድኝ፣ አይሱዙው ዳገት ላይ ሲያምጥ የተነፈሰበት።
አሞኒያም አለ፣ ከበረትና ከማዳበሪያ ተነሥቶ
ሰማይ ላይ ከድኙ ጋር ያለ ሽማግሌ ተጋብቶ
ጨው ሆኖ የወረደ።
ሠርጋቸውን ያየ የለም፤
ውላጃቸውን ግን ሁላችን ምገነዋል።

ጥላሸቱን ሳላስመረምርም አውቀው ነበር።
ከዲከረንሱ ጥግ፣ ከፋግታ በታች፣ አንሙት ከሰል ያከስላል፤
ግንዱን ይከምራል፣ ሣር ያለብሳል፣ አፈር ይመልሳል፣
እሳቱ እንዳይነድም እንዳይሞትም
ሰባት ሌሊት ቁጭ ብሎ ያስታምማል።
ልጁ እንጅባራ የተማረው፣ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰው በዚሁ ነው።

ወረቀቱን አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤
ጣቱም ጥቁር፣ ወረቀቱም፤ የቱ የቱን እንዳቆሸሸው
መለየት አልተቻለም።
«ይኼ የኔ ነው?»
«ያንተም። የኔም፤ በሞተር ሳይክል አይደል የመጣሁት?»
ሳቀ።
ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሳል ሆነበት።

እናቱ ሁለት ልጅ ቀብረው ነው ይኼን ስም ያወጡለት፦
አንሙት።
ልመና ይሁን ትእዛዝ፣
ለማን እንደተባለም፣ ዛሬም አልገባኝ።

ሚዛኑ ላይ ልዩነቱ አንድ ሚሊግራም ተኩል አይሞላም፤
አምስት የጤፍ ፍሬ።
ጉንዳን ሳትጎብጥ ትሸከመዋለች።

አንሙት ሲሸኘኝ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ጫነልኝ፤
እንቢ አላልኩም።
ማታ ሽሮዬን ጥጄበት፣ እጄን ታጥቤ፣
ለነገ
ነጭ ወረቀት መዘንኩ።