ስማቸው

ሌሊት ሰባት ሰዓት በር ተንኳኳ። "ማነው?"
"ስማቸው።"

ካፖርት የደረበ፣ ብረት ዘንግ የያዘ፣
ከውሃ አገልግሎት በእግሩ የተጓዘ።
ሥራው የሚያፈስ ቧንቧ ማግኘት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
መሬት ያደምጣል፣ ሰዎች ሲተኙለት፣ ውሾች ዝም ሲሉ።

ጎንደር በዚህ ሰዓት የጀሪካን አገር፤
ቢጫ በቢጫ ላይ በየደጁ ተኮልኩሎ፣ አፉን ከፍቶ የሚያድር።
አንገረብ ከረሳን ዛሬ አሥራ አራት ቀን፤
የምንተኛው ቧንቧ ከፍተን ነው፣ ሲመጣ እንዲቀሰቅሰን።

ዘንጉን ተከለው ከኮብልስቶኑ መሃል፤
ጆሮውን አስደግፎ እጁን አነሣብን፦ "እግርም ድምፅ ያወጣል።"
ቆምን።
የጣሊያን ጊዜ ቧንቧ አለ፣ የደርግ ጊዜ አለ፣ ትናንት የተቀበረ ፕላስቲክ አለ፤
ሁሉን በሳሉ ይለያል። "ይኼኛው አርጅቷል፣ ያኛው ሥር ገብቶበታል" አለ።
መብራትም ጠፍቶ ነበርና ሰማዩ ቁልጭ ብሏል፤
ከግንቡ ማማ እስከ ጎሃ አናት ኮከብ ተዘርግፏል።

ልጄ ትርንጎ ናት እንቅልፍ ያልወሰዳት፣
የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያሳበዳት።
"ጋሼ፣" አለች በሹክሹክታ፣ "የጁፒተር አንዷ ጨረቃ
ልብሷ በረዶ ነው፤ ከሥሩ ግን ውሃ አለ ይላሉ፣
የምድርን ባሕር ሁሉ እጥፍ የሚበቃ።"
ጆሮውን ከብረቱ ሳያነሣ ፈገግ አለ ሰውየው፤
"ፈረቃቸው በስንት ቀን ነው?"

ሳቋን በጋቢዬ ጫፍ አፈነች። ደግሞ ቀጠለች፦
"ውሃ ካለ ነዋሪም አይጠፋም ብለው፣ ትልልቅ ሳህን ወደ ላይ ደቅነው
ከስልሳ ዓመት በላይ አደመጡ፤ እስካሁን ዝም ነው።
ባዶ ቢሆን ነው የሚሉም አሉ።"

ይኼኔ ቀና አለ። ጉንጩ ላይ የብረቱ ክብ ታትሟል።
"ዝምታ ሁለት ነው፣ ልጄ፤ ይኼን መሬት ነግሮኛል።
ባዶ ቧንቧ ዝም ይላል።
ሙሉ ቧንቧም ዝም ይላል፤
ጢም ብሎ፣ ተቆልፎ፣ ጠብታ ሳያባክን በጨለማ ያድራል።
እኔ የምሰማው የተሰበረውን፣ የሚያለቅሰውን ነው፤
ደህናውን መች ሰምቼ አውቃለሁ? የደህና ጎረቤት ድምፁ የት አለና ነው?"

"እንግዲያ ደህና ናቸው" አለች።
"እኔ ምን አውቄ። የኔ እስከ አዘዞ ነው።
አንዴ በአራዳ ሥር ድምፅ ሰምቼ ሦስት ቀን አስቆፈርኩ፤
የወፍጮ ሞተር ነበር። አለቃዬ ደመወዜን ቆረጠ፤ እኔ ግን አላፈርኩ።
ያልመሰለው አያስቆፍርም።"

እኔ ስለኛ አሰብኩ፤ ሬዲዮናችን፣ ንዝንዛችን፣
መቶ ዓመት ያህል ወደ ላይ ያፈሰስነው ወሬያችን፤
እዚያም አንድ ሽማግሌ ካለ ዘንጉን ተክሎ የሚያድር፣
በኖራ ከቦን ይሆናል፦ "እዚህች ጋ ስንጥቅ አለች፣ ጧት ይቆፈር።"

የሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት ፊቶች ትዝ አሉኝ፤
ዓይን ብቻ ናቸው፤ ከክርስትናዬ ጀምሮ አዩኝ፣ አዩኝ፣
አንድ ቀን እንዴት አደርክ አላሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አቃሰተ። ቀድሞ ነፋስ መጣ፤
ሳለ፤ አፏጨ፤ ዝገቱን ተፋ፤ ከዚያ ቡናማው ወጣ።
"መጣ! መጣ!" ክዳን ተንኳኳ፣ ባልዲ ተጋጨ፣
ወይዘሮ ጥሩአየሁ በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ ልጅ ሁሉ ተንጫጨ፣
ውሻውም ጀመረ።
ስማቸው ዘንጉን ነቀለ። "በሉ፣ ሲሞላላችሁ ዝጉት" ብሎ ወደ ቀሐ ቁልቁል ዞረ።

ንጋት ላይ ጀሪካኖቹ ክዳን ደፍተው በረድፍ ቆመዋል፤
አንዱን በጣቴ መታሁት፤ ድፍን ብሏል።
ጎረቤቱም፣ ልጄም፣ ውሻውም ተኝቷል።
ቀና ብዬ፣ ካሉ፣ ልጣራ ፈለግሁ። ምን ብዬ ልጥራቸው?

ስማቸው።